በአርማታ ምሰሶዎች መካከል ስለሚሠራው ግድግዳ

በከተማ ቤት የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የአርማታውን ምሰሶና አግዳሚ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ባዶውን ስፍራ በብሎኬት ያስሞላዋል። ስለ ፌሮውና ስለ ሲሚንቶው ብዙ ይጨነቃል፤ ብሎኬቱ ግን ነፋስንና ሌባን ከመከልከል በቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስለውም። ስለዚህ ምድር ቤቱን ለሱቅ ሊያከራይ ባሰበ ጊዜ «ቤቱን የተሸከመው ምሰሶው ነው» ብሎ ግድግዳውን ያስፈርሳል። ይህ አባባል ምድር ጸጥ ባለች ጊዜ እውነት ነው፤ በተናወጠች ጊዜ ግን አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት የአጥር በር መመልከት ይበቃናል። አራት ጣውላ ብቻ ተገጥሞ የተሠራ በር ብዙ ሳይቆይ ይዘማል፤ አናጢው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ሰያፍ እንጨት ቢመታበት ግን ጸንቶ ይኖራል። ቤትም ወደ ጎን ሲገፋ እንዲሁ ነው፤ ግድግዳው በሁለት ማዕዘን ከአርማታው ይላቀቃል፣ በሁለቱ ማዕዘን ይጨመቃል፣ ኃይሉም በመካከሉ በሰያፍ ያልፋል። ስለዚህ መሐንዲሶች በስሌታቸው ግድግዳውን በሰያፍ ድጋፍ ይመስሉታል። ሆልምስ የተባለው ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1961 የዚህን ድጋፍ ስፋት የሰያፉን ርዝመት ሲሶ አደረገው፤ ኋላ የመጡት ግን የምሰሶውንና የግድግዳውን ብርታት እያመዛዘኑ ቀነሱት። ድጋፉ ግፊትን እንጂ መሳብን አይችልምና፣ ንውጽውጽታውም ወዲያና ወዲህ ነውና፣ ሁለት ሰያፍ ይሣልለታል።

በብዙ ስሌት ግን ግድግዳው በዕዳ መዝገብ እንጂ በዋስ መዝገብ አይገባም፤ ክብደቱ ብቻ ይጻፋል። ያልተቈጠረ ብርታት ትርፍ ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም፤ ብርታቱ በሁሉም ፎቅ እኩል ካልሆነ ራሱ አደጋ ያመጣልና። ላይኛዎቹ ፎቆች በግድግዳ ተሞልተው ምድር ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ላይኛው እንደ አንድ ሣጥን ሆኖ ይቆማል፤ መወዛወዙ ሁሉ በታችኞቹ ምሰሶዎች ላይ ይወድቃል። ነሐሴ 11 ቀን 1991 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት በቱርክ አገር በኢዝሚት አካባቢ ምድር በተናወጠች ጊዜ፣ ከ17,000 የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ። ታችኛው ቤታቸው ለሱቅ የተከፈተ ብዙ ፎቆች በዚያው በታችኛው ወለል ተደፍጥጠው ተገኙ። የብረቱ ማነስና የሲሚንቶው መጥፎነትም ተጨምሮበት ነበር።

ግድግዳው እስከ ወገብ ተሠርቶ ከላዩ ሰፊ መስኮት ሲከፈትም ሌላ ጉዳት አለ፤ ግማሹ የተያዘ ምሰሶ በቀረችው አጭር ቁመቱ ኃይሉን ሁሉ ይቀበልና ይቈረጣል።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ የደረሰው ጥፋት የታወቀ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

እንግዲህ ግድግዳ ለማስፈረስ የሚያስብ ባለቤት የቤቱን ፕላን ይዞ አስቀድሞ መሐንዲስ ይጠይቅ፤ ግንበኛው ይህን ሊፈርድ አይችልም። መፍረሱ ግድ ከሆነ ምሰሶው ይወፍር እንደ ሆነ፣ ወይም በሌላ ወገን የአርማታ ግድግዳ ይቆም እንደ ሆነ መሐንዲሱ ይወስናል። የቤት እመቤትም ከመንቀጥቀጥ በኋላ በግድግዳው ላይ እንደ መስቀል የተሻገረ ስንጥቅ ብታይ፣ የምሰሶው ራስና እግር ሳይመረመር በልስን አታስሸፍነው።