የተወለዱበትን ዓመት ማዘዋወር ምስጢር አይሆንም



በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ደጋግሜ የምሰማው አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «የባንክ ካርዴን የምስጢር ቁጥር ከተወለድሁበት ዓመት ወስጄ አኀዞቹን አዘዋውሬአቸዋለሁና ማንም አያገኘውም» የሚለው ነው። ይህ እምነት ለደመወዝተኛው የወር ገቢ የማያስተማምን ሆኖ ስላገኘሁት፥ ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መምረጥና መደርደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ10 ሠራተኞች መካከል 3 አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋም ቢባል፥ ማን ቀድሞ ማን ኋላ ተጠራ የሚለው ለውጥ አያመጣም፤ ኮሚቴው በ120 ዓይነት ሊቋቋም ይችላል። ነገር ግን አንዱ ሊቀ መንበር፥ አንዱ ጸሐፊ፥ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሁን ከተባለ፥ እነዚያው ሦስት ሰዎች ሥራውን በ6 ዓይነት ሊከፋፈሉት ስለሚችሉ ቁጥሩ ወደ 720 ከፍ ይላል። የፊተኛውን ኮምቢኔሽን፥ የኋለኛውን ፐርሙቴሽን ይሉታል። እቁብም ተራ ያለው ነገር ስለ ሆነ ከኋለኛው ወገን ነው፤ የ12 ሰዎች እቁብ ዕጣው ሊወጣ የሚችልበት ቅደም ተከተል 479,001,600 ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። የተጠራጠረ ሰው 12ን በ11፥ ከዚያም በ10 እያለ እስከ 1 ድረስ አባዝቶ ይመልከት።

የምስጢር ቁጥርም የሚቆመው በተራው ነው። እንግሊዞች የቁጥር ቁልፍን ኮምቢኔሽን ሎክ እያሉ መጥራታቸው በሒሳብ ዓይን ሲታይ አያስኬድም፤ በ4719 የሚከፈት ቁልፍ በ9174 አይከፈትምና።

ባለ አራት አኀዝ ቁጥር በጠቅላላው 10,000 ዓይነት ነው። ለምን አራት ሆነ ቢባል፥ በሰኔ ወር 1959 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በኤንፊልድ ለተተከለው የገንዘብ መክፈያ መኪና ምክንያት የሆኑት ሚስተር ጆን ሼፐርድ ባረን ኋላ እንደ ተናገሩት፥ ስድስት አኀዝ አስበው ሳለ ባለቤታቸው ከአራት በላይ ማስታወስ አልችልም ስላሏቸው ነው። ስድስት ቢሆን ኖሮ 1,000,000 ይሆን ነበር። ሆኖም መኪናው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ስሕተት በኋላ ካርዱን ስለሚያግድ፥ በግምት የሚሞክር ሌባ ከ10,000 ሦስት ዕድል ብቻ አለው፤ ይህም የሚናቅ ጥበቃ አይደለም።

አሁን ወደ ልደት ዓመት እንመለስ። ካርዱና የልደት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ የሚኖሩት በአንድ የኪስ ቦርሳ ውስጥ ነው። በ1974 ዓ.ም. የተወለደ ሰው አራቱን አኀዞች እንደ ልቡ ቢያዘዋውር 24 ዓይነት ብቻ ያገኛል፤ ሌባውም በሦስት ሙከራ ከስምንት አንድ ዕድል አለው። በ1977 የተወለደው 7 ስለ ተደገመበት 12 ብቻ፤ በ1991 የተወለደው ደግሞ 1ም 9ም ስለ ተደገሙበት 6 ብቻ ነው። ከስድስት ሦስት ማለት እኩሌታ ነው! በ2000 ዓ.ም. ለተወለዱትማ፥ ዜሮው ሦስት ጊዜ ስለሚገባ፥ ያለው 4 ብቻ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚገጠመው፥ አዝራር እየተጫኑ የሚከፍቱት ቁልፍም የራሱ ጉድ አለበት። ያለ ኤሌክትሪክ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የትኞቹ አዝራሮች ተጫኑ እንጂ የትኛው ቀደመ ብለው አይጠይቁም፤ ስለዚህ ከ10 አዝራሮች 4ቱን መምረጥ ብቻ ሆኖ ጠቅላላው 210 ነው። ለአንዱ ሙከራ 5 ሴኮንድ ቢወስድ፥ ዘበኛው ምሳውን በልቶ እስኪመለስ ሁሉን ማዳረስ ይቻላል፤ 18 ደቂቃ አይሞላም። ጣት የበዛባቸው 4 አዝራሮች ቀለማቸው ለቆ ከታዩማ መቁጠርም አያስፈልግ።

ተራ በሚጠብቀው ቁልፍ ላይ ግን ያረጁት 4 አዝራሮች ቢታወቁ እንኳ 24 ሙከራ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር አለ፤ ያረጁት 3 ብቻ ሆነው አንዱ ሁለት ጊዜ የሚገባ ከሆነ፥ የሚደገመው የትኛው እንደ ሆነ ስለማይታወቅ ሙከራው ወደ 36 ይጨምራል። ሁለት ብቻ ካረጁ ደግሞ ወደ 14 ይወርዳል።

እኔ በበኩሌ ቁጥሩን ሰው ከሚመርጠው ዕጣ ቢመርጠው ይሻላል ባይ ነኝ። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኀዞች በ10 ቁራጭ ወረቀት ጽፎ፥ ጠቅልሎ ስኒ ውስጥ መክተትና አራት ጊዜ ማውጣት ነው። ነገር ግን እንደ እቁብ የወጣውን ዕጣ ማስቀረት አይደለም፤ አኀዙን በልብ ይዞ ወረቀቱን ወደ ስኒው መልሶ፥ ደባልቆ፥ እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። ካልተመለሰ አንድ አኀዝ ሁለት ጊዜ ሊወጣ ስለማይችል፥ 10,000 የነበረው ወደ 5,040 ይወርዳል። በአጋጣሚ 1234 ወይም የልደት ዓመት ከወጣ ዕጣው ይደገም።

አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ፤
ከአዲስ አበባ