ምች፣ ፀሐይና ጭንቀት

ደጀን ውስጥ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ምርመራው እዚያው ያልቃል፦ «ምች መትቶህ ነው።» ምክንያቱም አብሮ ይነገረዋል፤ የወጥ ሽታ ይዞ፣ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነው። መድኃኒቱም ዳማ ከሴ፤ ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት፣ ጭማቂውን በቡና መጠጣት።

ቁስሉን የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ቫይረሱ በሰውነቱ አለ፤ ብዙው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም። የፊት ቆዳን ስሜት በሚያደርሰው ነርቭ ሥር ይተኛል፤ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትም እዚያው ሆነው ይጠብቁታል። የሚያጠያይቀው እንግዲህ ለምን ዛሬ እንደ ነቃ ነው።

በፀሐይዋ ነገር አባቶች አልተሳሳቱም። አልትራቫዮሌት ጨረር ቫይረሱን ይቀሰቅሳል፤ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደጀን ደግሞ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። የወጥ ሽታው ግን ከደሙ ንጹሕ ነው።

ገበያው የማያነሣው ቀስቃሽ ጭንቀት ነው። «ጭንቀት የሐሳብ ነገር ነው፤ ሥጋን አይነካም» የሚል አለ፤ «ትንሽ ድንጋጤም አቅም ያሳጣል» የሚልም አለ። ሁለቱም አያስኬዱም። ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እንቢ ያለው ሾፌር አድሬናሊኑ ይንራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ በደሙ የሚዘዋወሩት ነጭ ሕዋሳት ይበዛሉ። ሰውነት ቁስል ይመጣል ብሎ እየተሰናዳ ነው። አጭር ጭንቀት መከላከያን ያነቃል ማለት ነው።

ጉዳቱ ሲከርም ነው። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ፈተና፣ አልጋ የያዘ ዘመድ ማስታመም ለወራት ሲጎተት ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ሥርዓቱን ያጣል፤ የቲ ሴሎች መባዛትም ይቀንሳል። በአሜሪካ ኦሃዮ ባልና ሚስቱ ተመራማሪዎች ሮናልድ ግሌዘርና ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘር የሕክምና ተማሪዎችን ደም መርምረው፣ በፈተና ሰሞን የተኛው ሄርፒስ የመንቃት ምልክት ሲያሳይ አይተዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ በሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ የተደረገች ትንሽ ቁስል ከማያስታምሙት ሴቶች በ9 ቀን ገደማ ዘግይታ ድናለች። የተጠኑት ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ ቢሆንም አስታማሚ የሆነ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ዳማ ከሴስ? በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት ሲያበርድ ታይቷል። ቫይረሱን ከነርቭ ሥር የሚነቅል መድኃኒት ግን እስካሁን የለም፤ ከፋርማሲ የሚገዛው አሲክሎቪርም ቢሆን ቶሎ ከተጀመረ ቁስሉን ያሳጥራል እንጂ ቫይረሱን አያጠፋም።

ቁስሉ ወደ ዓይን ከተጠጋ ወይም ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ምች የወጣበት ሰው እስኪደርቅለት አራስ ሕፃን አይሳም፤ የአራስ መከላከያ ሕዋሳት ገና አልጠነከሩምና ቫይረሱ ሊገድለው ይችላል።