ሁለቷ ነጥብ የት ሄደች?

ልጅዎ ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ሲቆርጥ፣ ሲያጣብቅና ሲቀባ ሰንብቶ የሠራውን ፕሮጀክት አስረክቦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው? እንደ ብዙዎቻችን ከሆኑ «ስንት አገኘህ?» ነው።

እኔም ከዚያ አላልፍም ነበር። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ የሰፈራችንን ካርታ ሠርታ ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ ታክሲ ተራው፣ የእኛ ቤት ሁሉም አለ። ካርቶኑ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ 8/10 እና «ጎበዝ» ተጽፎበታል። ደስ ብሎኝ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስል «ማሚ፣ ሁለቷ ነጥብ የት ሄደች?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ አንድ የማስታወቂያ ዘመቻ ሲያልቅ ቁጭ ብለን ምኑ እንደተሳካ፣ ምኑ እንደቀረ እንገመግማለን። ያለዚያ የሚቀጥለው ዘመቻ ያንኑ ስህተት ይደግማል። ለአዋቂ ያስፈለገው ለልጅ እንዴት ይቀራል?

ጥናትም ይህንኑ ይላል። ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት የእስራኤል ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ውጤት ብቻ፣ ሌላው በጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። በሥራቸው የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ቁጥሩ ሲታከልበት አስተያየቱ ጥቅሙን አጣ። ጆን ሃቲና ሄለን ቲምፐርሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጽሑፍ ጥሩ አስተያየት ሦስት ጥያቄዎችን እንደሚመልስ አስረድተዋል፦ ግቤ ምንድን ነው? አሁን የት ደርሻለሁ? ቀጥሎ ምን ላድርግ? «ጎበዝ» የሚለው ቃል ብቻውን አንዱንም አይመልስም።

መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። ክፍል ሙሉ ልጅ የሚያርም ሰው ለእያንዳንዱ ገጽ ሙሉ ሊጽፍ አይችልም። ሁለት መስመር ግን ይበቃል፤ አንድ በደንብ የተሠራ ነገር፣ አንድ መስተካከል ያለበት ነገር። ልጁ ሥራውን ሳይረሳው ቢደርሰውና አስተካክሎ እንዲሠራ ዕድል ቢሰጠው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

እርስዎስ? በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ «በሚቀጥለው ምን ብታሻሽል ይሻላል?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ቤት ውስጥም ከ«ስንት አገኘህ?» በፊት «መምህርህ ምን አሉህ?» ይበሉ። ፕሮጀክቱን እርስዎ ሠርተውለት ከሆነ ግን አስተያየቱ የሚደርሰው ለእርስዎ እንጂ ለልጅዎ አይደለም።

እኔም መምህሯን ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ «ካርታዋ ያምራል፤ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ ግን አልጻፈችም። እንግዳ ሰው ቢያየው ዳቦ ቤቱን አያገኘውም።»

ይህንን ለልጄ ነገርኳት። እሑድ ጠዋት ማንም ሳያዛት ካርቶኑን አውርዳ ከጥጉ ላይ ምልክቶቹን ከነትርጉማቸው ስትጽፍ አገኘኋት። ለዚህኛው ማንም ነጥብ አልሰጣትም። እሷም አልጠየቀችም።