የድረ ገጽ ቁጥሮች ስለ አንባቢ ምን ይናገራሉ? ምንስ ይሰውራሉ?

የሬድዮ ጣቢያ ፕሮግራሙን ወደ አየር ሲለቅ ማን እንደሚያዳምጠው በቀጥታ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የአድማጭን ስሜት ለረጅም ዓመታት ሲያመለክቱ የኖሩት ደብዳቤዎች፣ ወደ ስቱዲዮ የሚደወሉ ስልኮችና አልፎ አልፎ የሚካሄዱ የዳሰሳ ጥናቶች ናቸው። መገናኛ ብዙኃን ዜናቸውን በድረ ገጽ ማቅረብ ከጀመሩ ወዲህ ግን አንድ ዘገባ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ በየትኛው ሰዓት እንደተነበበ፣ አንባቢው በየት በኩል እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ ይመዘገባል። ይህን መረጃ ሰብስቦ ትርጉም የመስጠት ሥራ የድረ ገጽ ትንተና ይባላል።

ጉዳዩ የጋዜጠኞች ብቻ አይደለም። የዜና ክፍሎች ነገ የትኛውን ዘገባ እንደሚሠሩና የትኛውን እንደሚተዉ ሲወስኑ እነዚህን ቁጥሮች ይመለከታሉ። ቁጥሮቹ በትክክል ከተነበቡ የአርሶ አደሩና የከተማው ነዋሪ ፍላጎት ወደ ዜና ክፍሉ ይደርሳል። በስሕተት ከተነበቡ ግን ጫጫታ የሚበዛበት ወሬ ጠቃሚውን ዘገባ ከቦታው ይገፋዋል።

ምን ይለካል?

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የትንተና መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 አገልግሎት የጀመረው ጎግል አናሊቲክስ ነው። መሣሪያው ከሚያሳያቸው መረጃዎች መካከል የገጽ ዕይታ፣ የጎብኚዎች ብዛት፣ የቆይታ ጊዜና የመጡበት መንገድ ይገኙበታል። የገጽ ዕይታ ዘገባው የተከፈተበትን ጊዜ ብዛት እንጂ የተነበበበትን አያሳይም። በዚህ ረገድ ቻርትቢት የተባለው የመለኪያ ድርጅት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይም ላይ ያቀረቡት ጽሑፍ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። ድርጅቱ ከመረመራቸው የገጽ ዕይታዎች 55 በመቶ በሚሆኑት አንባቢው ገጹን በንቃት የተመለከተው ከ15 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ጋዜጠኛ አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማገናዘብ ይኖርበታል። ለምሳሌ ስለ አንድ ታዋቂ ድምፃዊ ሠርግና ስለ ስንዴ ቢጫ ዋግ የወጡ ሁለት ዘገባዎችን እንውሰድ። የሠርጉ ዜና በብዙ እጥፍ ቢከፈትም አንባቢዎቹ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወጣሉ እንበል። የዋጉን ማስጠንቀቂያ የከፈቱት ጥቂቶች ቢሆኑም እስከ መጨረሻው ያነቡታል፣ በሳምንቱም ተመልሰው ይከፍቱታል። በዕይታ ብዛት ብቻ የሚፈርድ አርታኢ ሁለተኛውን ዘገባ እንደ ከሸፈ ይቆጥረዋል። ቆይታንና ተመልሶ መምጣትን የሚያይ ግን ተከታይ ዘገባ ያዛል።

ሰዓቱና ቀኑ

መሣሪያዎቹ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው በ24 ሰዓት ይቆጥራሉ። በሠንጠረዡ 18 የሚለው በአገራችን አቆጣጠር የምሽት 12 ሰዓት፣ 6 የሚለው ደግሞ የንጋት 12 ሰዓት ነው። የመሣሪያው የሰዓት ቀጠና በአሜሪካ ሰዓት ላይ ከተተወ ደግሞ ልዩነቱ 7 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ያኔ የጠዋት አንባቢ እንደ ሌሊት አንባቢ ሆኖ ይመዘገባል።

ቀጠናው በትክክል ተስተካክሎም የሌሊት ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በኢትዮጵያ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ከሥራ መልስ የአገሩን ዜና የሚያነብ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዚህ ሰዓት ይቆጠራል። የቦታ መረጃውን ሳያገናዝብ ዜናውን ለሌሊት አንባቢ የሚያዘጋጅ ክፍል፣ ንጋት ላይ ወደ ማሳው ከመውጣቱ በፊት ስልኩን የሚከፍተውን አርሶ አደር ሊዘነጋ ይችላል።

ወራትን ማነጻጸርም ጥንቃቄ ይሻል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮን ሚያዝያ ከአምናው ጋር በጥሬው ማወዳደር ያሳስታል። የአጨዳ ወቅት፣ የገበያ ቀን፣ የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥም ቁጥሩን ይቀይራሉ። ኔትወርክ በጠፋበት ሳምንት የዕይታ ቁጥር መውደቁ የፍላጎት መቀነስን አያሳይም።

አንባቢው የሚጽፈው ቃል

ሰርች ኮንሶል የተባለው ሌላው የጎግል መሣሪያ፣ አንባቢዎች በጎግል ላይ ምን ብለው ፈልገው ድረ ገጹን እንዳገኙት ያሳያል። ለአማርኛ ዘጋቢ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ ሌላው «ጸሀይ» ይላል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ። የመሥሪያ ቤት መግለጫ «የግብርና ግብዓት አቅርቦት» ሲል አርሶ አደሩ የሚፈልገው «ዩሪያ» ወይም «ዳፕ» ብሎ ሊሆን ይችላል። አንባቢው የሚያውቀው ቃል በርእሱ ወይም በመጀመሪያው አንቀጽ ከገባ ዘገባው ለሚፈልገው ሰው በቀላሉ ይገኛል።

ከቁጥር ውጭ የሚቀሩት

ቁጥሮቹ የማያዩት ብዙ አንባቢ አለ። በቴሌግራም የተላከን ሊንክ ተከትሎ የመጣ ሰው፣ አድራሻውን ራሱ ጽፎ እንደገባ «ቀጥተኛ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የዜና ክፍሉ በሚያሰራጨው ሊንክ ጫፍ ላይ መለያ ኮድ ከጨመረ ግን የራሱ ቻናል ስንት አንባቢ እንዳመጣ ያውቃል። ጽሑፉ ተገልብጦ ያለ ሊንክ ከተላከ ደግሞ ፈጽሞ አይቆጠርም።

የቦታ መረጃም ግምት ነው። መሣሪያው ቦታውን የሚገምተው ከኢንተርኔት አድራሻ በመነሣት ስለሆነ፣ በገጠር ቀበሌ ያለ የሞባይል ተጠቃሚ የከተማ ነዋሪ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አንድን ስልክ የሚጋራ ቤተሰብ እንደ አንድ ጎብኚ፣ ስልክና ኮምፒውተር ያለው ግለሰብ ደግሞ እንደ ሁለት ሊቆጠር ይችላል።

የስንዴ ዋግ ዘገባ የዚህን ክብደት ያሳያል። ቢጫ ዋግ በነፋስ የሚዛመት የሰብል በሽታ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳዎች ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ማስጠንቀቂያውን በስልኩ ያነበበ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ለቀበሌው አርሶ አደሮች ሊያሳውቅ ይችላል። በመሣሪያው ላይ የሚታየው አንድ ዕይታ ብቻ ነው፤ መረጃው የሚያድነው ግን የብዙ ሰዎችን ማሳ ሊሆን ይችላል።

የመለኪያው ባለቤት ራሱም ይሳሳታል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 የቪዲዮ አማካይ የዕይታ ጊዜን ለሁለት ዓመት ያህል አግንኖ ሲያሳይ እንደነበር አምኗል። ስሌቱ ከሦስት ሰከንድ በታች የተመለከቱትን ሰዎች ከቁጥር ያስወጣ ነበር።

የአንባቢው መብት

የአንባቢን እንቅስቃሴ መመዝገብ ኃላፊነት አለበት። ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ለጋዜጠኛ ሥራ የሚያስፈልገው የብዙኃኑ ዝንባሌ እንጂ አንድ ግለሰብ ያነበበው ዝርዝር አይደለም። ጥቂት አንባቢ ካለበት አነስተኛ አካባቢ የሚመጣ መረጃ ማንነትን ሊያጋልጥ ስለሚችል በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል።

በዜና ክፍል ውስጥ ለትንተናው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ አጭር ስብሰባ በቂ ሊሆን ይችላል። በስብሰባው እስከ መጨረሻ የተነበበው የትኛው ዘገባ እንደሆነ፣ አንባቢ በምን ቃል እንደፈለገና የትኛው የኅብረተሰብ ክፍል በቁጥሩ እንዳልታየ ይታያል። የመጨረሻውን ጥያቄ ሠንጠረዡ ስለማይመልሰው ጋዜጠኛው ወደ ገበያው፣ ወደ ማሳውና ወደ ልማት ጣቢያው ሄዶ መጠየቅ ይኖርበታል። አንባቢም በበኩሉ ዘገባን ለሌላ ሲያጋራ ከነሊንኩ ቢልክ፣ ሳይዘገብ የቀረውንም ጉዳይ በስልክ ወይም በአካል ለጣቢያው ቢያሳውቅ ድምፁ ከቆጠራው ውጭ አይቀርም።