ድርቅን የሚቋቋመው ላብላብ፦ አዘራሩና አጠቃቀሙ

ላብላብ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ፣ እየተጠማጠመ የሚያድግ የጥራጥሬ ወገን ተክል ነው። ሥሩ ጠልቆ ስለሚገባ ዝናብ ካቆመ በኋላም ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ በመሆኑም ሌላው መኖ በሚደርቅበት ወቅት ለእንስሳት አረንጓዴ መኖ ያስገኛል።

ይሁን እንጂ ተክሉ ድርቅን የሚቋቋመው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ስለሆነም ዘሩ መዘራት ያለበት አፈሩ በቂ እርጥበት በያዘበት ጊዜ እንጂ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አይደለም። ለዘር ነቀዝ ያልነካውን ፍሬ መርጦ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መዝራት ይገባል። ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕድገቱ ዝግተኛ በመሆኑ በወቅቱ መታረም አለበት።

ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ ለመዝራት በቆሎው ከተዘራ 4 ሳምንት ያህል መጠበቅ ይመከራል፤ አብሮ ከተዘራ በአገዳው ላይ ተጠምጥሞ ሰብሉን ሊያቀጭጭ ይችላል።

ለምለሙ ላብላብ ለከብቶች ብቻውን በብዛት ሲሰጥ ሆድ ሊነፋ ስለሚችል ከጭድ ወይም ከአገዳ ጋር ተቀላቅሎ መቅረብ ይኖርበታል። የደረቀው ፍሬ ጥሬውን መርዛማነት አለው፤ ለምግብነት የሚውለው ተዘፍዝፎና በሚገባ ተቀቅሎ፣ የተቀቀለበትም ውኃ ከተደፋ በኋላ ብቻ ነው።