ከክራር ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር፦ ጥቂቱ ገንዘብ የት ላይ ይዋል?

ክራር ድምፁን የሚያጎላ ገበቴ አለው፤ ማሲንቆም ቆዳ የተወጠረበት ሣጥን አለው። የኤሌክትሪክ ጊታር ሁለቱም የሉትም። አካሉ ድፍን ስለሆነ ሳይሰካ ሲመታ ድምፁ ከአንድ ክፍል እምብዛም አያልፍም። ሠርግ ቤት የሚያናውጠው ድምፅ የሚነሣው ከክሮቹ ሥር ከተተከለውና ሙዚቀኞች ፒክአፕ ከሚሉት ትንሽ ዕቃ ነው። ፒክአፕ ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው፤ በተለመዱት ዓይነቶች ጥምጥሙ ከ7 ሺህ ዙር በላይ ይሆናል። የብረት ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ መግነጢሳዊ መስኩን ያናውጠዋል፤ የተናወጠው መስክ ደግሞ በመዳቡ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ሕጉን ማይክል ፋራዴይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። የጢስ ዓባይና የጣና በለስ ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው። ፒክአፕ የሚያመነጨው የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ፣ ያንን ለድምፅ ማጉያ የሚያበቃው አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል።

ከዚህ አሠራር ለገዢ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ጊታሩ የሚፈልገው የብረት ክር ነው። በብዙ ክራሮች ላይ የሚታሰረው ናይለን ማግኔት ስለማይስበው ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቢታሰር ፒክአፑ አይሰማውም፤ ክሩ ይርገበገባል፣ ድምፅ ማጉያው ዝም ይላል። ሁለተኛው፣ ሻጮች ብዙ የሚያወሩለት የአካሉ እንጨት በድምፁ ላይ ያለው ድርሻ ከሚወራው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውና ከኤሌክትሪክ ጊታሮች የመጀመሪያው የሚባለው የሪከንባከር ሥራ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር፤ ቅርጹን ያዩ ሁሉ መጥበሻ ይሉት ነበር። እንጨቱ ጨርሶ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። በጠባብ በጀት ለሚገዛ ጀማሪ ግን ለእንጨት ስምና ለሚያብረቀርቅ ቀለም የሚከፈል ብር የባከነ ብር ነው።

ገንዘቡ መዋል ያለበት አንገቱ ላይ ነው። የአንድ ክር ቃና በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ይህን ዝምድና በስሌት ያስቀመጠው የ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ መነኩሴ ማሪን መርሰን ነው፤ ክራር ቃኚዎች ግን ከእርሱ በፊትም በእጃቸው ያውቁት ነበር። የክራር ተጫዋች ቀንበሩ ላይ ያለውን መቃኛ እያዞረ ውጥረቱን ይለውጣል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክር የራሱን ቃና ይዞ ይቆያል። የጊታር ተጫዋች ደግሞ በጣቱ ክሩን ፍሬት በሚባለው የብረት መስመር ላይ እየተጫነ ርዝመቱን ያሳጥራል። በተለመደው 648 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ጊታር የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ 36.4 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል። 12ኛው ትክክል መካከሉ ላይ፣ 324 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል፤ እዚያ ሲጫኑት ክሩ በእጥፍ ቀጥኖ ይዘፍናል። በፍሬቶቹ መካከል ያለው ርቀት በዚህ ስሌት ወደ አካሉ እየተጠጋ ሲሄድ ይጠባል።

ዛሬ ርካሽ ጊታር እንኳ ፍሬቱ የሚተከለው በማሽን ልኬት ስለሆነ ርቀቱ እምብዛም አይሳሳትም። የሚሳሳተው ከፍታው ነው። አንዱ ፍሬት ከጎረቤቱ በጥቂቱ ከፍ ካለ ክሩ እየነካው ይንዛዛል። ክሮቹ ከፍሬቱ በጣም ከራቁ ደግሞ የጀማሪ ጣት ይቆስላል፣ ቃናውም ሲጫኑት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ክሩ ረጅም መንገድ ወደ ታች ሲጎተት ውጥረቱ ስለሚጨምር ነው። በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ለጀማሪ ይመቻል። በተማሪ ማስመሪያ ሊለካ የሚችል ነገር ነው።

ትክክለኛነቱን ለመፈተን ስልክ ላይ የሚጫን የመቃኛ መተግበሪያ ይበቃል። ክሩ ባዶውን ተቃኝቶ ያው ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን መተግበሪያው ያንኑ ቃና በእጥፍ ከፍታ ማሳየት አለበት። ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ በክራርና በበገና በርኩማ፣ በጊታር ግን ብሪጅ በሚባለው ቦታ ላይ ያለው ትንሽ ብሎን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት እየዞረ ይስተካከላል። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ሄዶ እንኳ ቃናው ካልገጠመ ዕቃው ይመለስ።

ክራር የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ ትልቅ ስንቅ አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ቃና የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ ጊታር ደግሞ ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ቃና እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። ቅኝቶቹ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ይቀመጣሉ፤ ሆኖም አዝማሪ በማሲንቆ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ የሚያገኛቸው ጥቃቅን ቃናዎች በሁለት ፍሬት መካከል ይወድቃሉ። ጊታረኛ እነርሱን የሚይዘው ክሩን በጣቱ ወደ ጎን እየሳበ ነው። የአገር ቤትን ዜማ በዚህ መሣሪያ ማጫወት የቆየ ሥራ ነው፤ በኋላ ሮሃ ባንድን የመሠረቱት የአይቤክስ ባንድ አባላት እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል የቀረጹትን የመሣሪያ ሙዚቃ የሚያዳምጥ፣ የሰላም ስዩም ጊታር እንዴት እንደሚያንጎራጉር ይሰማል። ክር መሳብ ለቀጭን ክር ይቀላል። በእሽጉ ላይ 9–42 የተጻፈበት ስብስብ፣ ቀጭኑ ክር 0.23 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለጀማሪ የሚመከረው ለዚህ ነው። ስድስቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን የሚጎትቱት በአንድ ላይ 38 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ነው፤ 10–46 የተጻፈበት ስብስብ ወደ 46 ኪሎ ያደርሰዋል።

ይህን ጉተታ የሚቋቋመው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው፤ አንገቱ ሲጎብጥ በቁልፍ እየዞረ ይስተካከላል። እንደ ደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ባለ ቦታ ይህ ዘንግ በትክክል መዞሩ ጌጥ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም በአቅራቢያዋ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ አየሩ እርጥብ ነው፤ ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ይደርቃል፤ የአንገቱም ጉብጠት አብሮ ይለዋወጣል። እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረው ግን በቃጫው ርዝመት ሳይሆን በወርዱ ነው። በዚህ የተነሣ በበጋ አንገቱ በመጠኑ ይጠብና መጠኑን የማይለውጠው የፍሬት ብረት በሁለቱም ጎን ጫፉን ያወጣል፤ እጅ ሲያልፍበት ይቧጭራል። በጥር የሚገዛ ጊታር ጎኑ በመዳፍ ተዳብሶ ካልቧጨረ በሌላው ወቅት አያስቸግርም። በክረምት የተገዛው ግን በበጋ ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም፤ ትንሽ ሞረድ ያለው ሰው በጥንቃቄ ያስተካክለዋል። በዚሁ ምክንያት ጊታር ከምድጃ አጠገብ አይሰቀልም። የቅኝት መዋዠቅም ከአየሩ ጋር ይያያዛል፦ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም በብርዳማ ማለዳ የተቃኘ ክር ቀትር ላይ ይወርዳል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ እንደ ክራር ሁሉ ከመጫወት በፊት መቃኘት ነው።

የብሪጁ ዓይነት ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። አንዳንድ ጊታር ቃናውን የሚያወዛውዝ ክንድ ያለው፣ በስፕሪንግ ላይ የተንሳፈፈ ብሪጅ አለው። ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ክር ሲበጠስ ሚዛኑ ስለሚፈርስ የቀሩት አምስቱም ከቅኝት ይወጣሉ። ምትክ ክር ለማግኘት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር መድረስ ሊጠይቅ በሚችልበት ቦታ፣ በአካሉ ላይ በብሎን የታሰረ የማይነቃነቅ ብሪጅ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የፌንደር ቴሌካስተር ቅርጽ የዚህ ዓይነት ነው፤ ርካሽ ቅጂዎቹም ብዙ ናቸው።

ፒክአፕ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ባለ አንድ ጥምጥሙ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ነገር ግን የቤቱን መብራት ሽቦም «ይሰማል»። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚዋዥቅ ስለሆነ ድምፅ ማጉያው ውስጥ የማያቋርጥ እምምታ ይገባል፤ ሸምበቆ መብራትና የስልክ ቻርጀር አጠገብ ሲሆን ይብሳል። የጊታር ሠሪው የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ለቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ያበጀው ሀምበከር ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ማግኔቶቻቸውንም ገልብጦ ያጣምራል፤ ከውጭ የመጣው እምምታ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሽቦው በዘፈቀደ የተዘረጋበት ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው ቢያንስ በብሪጁ በኩል ሀምበከር ያለው ጊታር ዕረፍት ይሰጣል።

አምፕሊፋየርን በተመለከተ ትልቁ አደጋ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ነው። እዚያ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220። በአንድ ተከላካይ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚያድግ ዕቃው በተሰካ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። በጀርባው ላይ «100–240» ወይም «220–240» ካልተጻፈበት ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የእሱ ዋጋ ሲደመር ስጦታው ስጦታ መሆኑ ይቀራል። ሌላው ጉዳይ ኧርዝ ነው። የጊታሩ ክሮች በውስጥ ሽቦ ከአምፑ ኧርዝ ጋር የተገናኙ በመሆናቸው፣ ኧርዝ የሌለው ሶኬትና የተበላሸ አምፕ ከተገጣጠሙ ተጫዋቹን ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ክሩ ሲነካ እጅን የሚቆነጥጥ ከሆነ ወዲያው ይነቀል።

ለቤት 10 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ጆሮ ድምፅ እጥፍ ሆነ የሚለው ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲሆን ስለሆነ፣ ባለ 20 ዋቱ ከባለ 10ሩ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው፤ ዋጋው ግን በጥቂቱ አይበልጥም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕ፣ ወይም ጊታሩ ላይ ተሰክቶ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ይመረጣል። ቤት ባለው የዲቪዲ ስፒከር ወይም ለሠርግ በሚከራየው ሞንታርቦ ላይ በቀጥታ መሰካትን ብዙዎች ይሞክሩታል፤ የሚወጣው ድምፅ ደካማና የታፈነ ነው። የፒክአፑ ኤሌክትሪክ ደካማ ስለሆነ የሚቀበለው ዕቃ ብዙ እንዳይስብበት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ግን ለጠንካራ ምልክት የተሠሩ ናቸው፣ ቀጭኑን ድምፅ ይውጡታል። ሚክሰሩ የጊታር መግቢያ ካለው ችግሩ ይቃለላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ ያገለገለ ጊታር መፈለግ ብልህነት ነው። የፌንደር ርካሽ ምርት የሆነው ስኳየር፣ የጊብሰኑ ኤፒፎንና የያማሃ ፓሲፊካ ለጀማሪ የታመኑ ናቸው፤ ራሱ ላይ ፌንደር ወይም ጊብሰን ተጽፎበት በእነዚህ ዋጋ የሚሸጥ ግን ስሙ የተለጠፈበት ሊሆን ስለሚችል በስሙ ታምኖ አይገዛም። ገዢው ደብረ ታቦር፣ ዕቃው አዲስ አበባ ከሆነ፣ አይቶ የሚገዛው ዘመድ በቪዲዮ ጥሪ እንዲያሳይ ይጠየቅ፦ አንገቱን ከራሱ በኩል እንደ ቀስት አነጣጥሮ መጣመሙን፣ በስድስቱም ክሮች ላይ እያንዳንዱን ፍሬት ተጭኖ መንዛዛቱን፣ ተሰክቶ እያለ ፒክአፑን በቁልፍ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ድምፅ ማጉያው ቷ ማለቱን። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አያስፈራም፤ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው። የተጣመመ አንገት ግን በምንም ቅናሽ አይገዛም።

ገንዘቡ ለጊታር ጨርሶ ያልደረሰለት ክራር ተጫዋች አንድ መንገድ አለው፦ ፒዬዞ የሚባል ሳንቲም የሚያህል ዲስክ በገበቴው ላይ መለጠፍ። ፒዬዞ የሚሠራው በማግኔት ሳይሆን በንዝረት ስለሆነ የናይለን ክርንም ይሰማል። ጊታር ለሚገዛው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቀጥ ያለ አንገት ያለው ጊታር፣ ቀጥሎ ሁለት እሽግ ትርፍ ክርና አንድ ገመድ፣ በመጨረሻ አምፕ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ድፍኑ ጊታር ሳይሰካም ለተጫዋቹ ጆሮ ይሰማል፤ አምፑ ሁለት ወር ቢዘገይ ልምምዱ አይቆምም።