ስልኩ አዊኛ እስኪሰማ

የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት፣ ስለ ኮምፒውተር መጪ ዘመን ከሚነገረው ብዙ ነገር ይልቅ እኔን ያሳምነኛል። ገበሬው ተራ ስልኩን ይዞ ይደውላል፣ ቁጥር ይጫናል፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀረጸ ምክር ያዳምጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ማንበብ መቻልም ግድ አይደለም። አዊ በሚገኝበት በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ የዚህ አሠራር ዋጋ ለአዊ ሰው ግልጽ ነው።

ግን አገልግሎቱ ሲጀመር የተናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነው። በ2013 ዓ.ም. የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሲመጣም ከአምስቱ ቋንቋዎቹ መካከል አዊኛ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ወደ 490 ሺህ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ዳንግላ ዙሪያ ዳጉሳ የምታመርት፣ አማርኛ የገበያ ቋንቋዋ ብቻ የሆነ እናት፣ ስለ ገንዘቧና ስለ ማሳዋ የሚነገራትን በግማሽ ጆሮ እንድትረዳ ተፈርዶባታል።

ምክንያቱ ፊደል አይደለም። የቋንቋውን ስም «አውጚ» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው የ«ጘ» ዘር፣ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ አብሮ ገብቷል። ልጆችም በአንደኛ ደረጃ በቋንቋቸው ይማራሉ። የቀረው ስልኩ ቋንቋውን በድምፅ ሰምቶ እንዲረዳ ማድረግ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። የአማርኛን ንግግር እንዲያውቅ የሠለጠነ ማሽን አዊኛ ፊት ይደናገራል፤ አማርኛ የሌለው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ እዚህ ሥራ አለው፣ የአማርኛ «ጠ» እና «ጨ» ደግሞ በቦታቸው የሉም። ግሱማ ለብቻው አንድ መጽሐፍ ሞልቷል፤ የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ሄትዝሮን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት የግሱን ሥርዓት ብቻ የሚመለከት ነው።

ስለዚህ የሰው ድምፅ መሰብሰብ አለበት፣ ብዙ ሰዓት፣ ከወንድም ከሴትም፣ ከሽማግሌም ከወጣትም። እዚህ ላይ ነው የምሰጋው። ቀረጻው ወደ ሩቅ ኩባንያ ተጭኖ ሄዶ፣ ተናጋሪዎቹ ነገ ከገዛ ድምፃቸው የተሠራውን አገልግሎት ከፍለው የሚገዙ ከሆነ ሥራው ባይጀመር ይሻላል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው አለ፤ ቀረጻው እዚያ ይቀመጥ፣ ተናጋሪው ይከፈለው፣ ድምፁን መልሶ የመውሰድ መብቱም በጽሑፍ ይሰጠው።

ማሽኑ እስኪሠለጥን ደግሞ መጠበቅ አያስፈልግም። የ8028ን ምክር አንድ የአዊኛ ተናጋሪ የግብርና ባለሙያ አንብቦ ቢቀርጸው፣ ለሚቀጥለው የዘር ወቅት ይደርሳል።